ድኩላና ሚዳቋ እምብዛም የማይደፍሩትን የጓሮ ተክል ለመምረጥ፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ በኩል፣ በወጨጫ ተራራና በመናገሻ ሱባ ደን ግርጌ፣ እንዲሁም ከየካ ኮረብታ ወደ ለገጣፎ በሚወርደው አቅጣጫ ቤት ሠርቶ ጓሮ ያለማ ሰው ከዱር እንስሳት ጋር ጎረቤት ሆኗል። ለአትክልተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡት ድኩላና ሚዳቋ ናቸው። ወንዱ ሲጎለምስ ጠጉሩ ወደ ጥቁር የሚያደላው የምኒልክ ድኩላ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀኑን በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽና ሊነጋጋ ሲል ቅጠል፣ ቀንበጥ፣ አበባና ፍሬ እየለቀመ ይመገባል። ሚዳቋ በአካል በጣም ታንሳለች፤ ይሁን እንጂ በጠባብ ቀዳዳ ሾልካ ስለምትገባ ድኩላ የማይደርስበትን መደብ ልታገኝ ትችላለች።

እነዚህ እንስሳት ወደ ጓሮ የሚመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የክረምቱ ዝናብ በመስከረም መጨረሻ ካቆመ በኋላ የዱሩ ቅጠል እየጠነከረ ይሄዳል፤ በከተማዋ ዙሪያ ሰፊውን ኮረብታ በሸፈነው ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ጥቂት ነው። በታኅሣሥና በጥር በየማታው ውኃ የሚጠጣ ጓሮ በአካባቢው ያለ ብቸኛ ለጋ ቅጠል ሊሆን ይችላል። በዚህ ወቅት የተራበ እንስሳ በሌላ ጊዜ አሽትቶ የሚያልፈውን ተክል ጭምር ስለሚቀምስ፣ ፈጽሞ የማይበላ ተክል አገኛለሁ ብሎ መነሣት አይገባም። ሊገኝ የሚችለው በመጨረሻ የሚበላ ወይም ተቀምሶ የሚተው ተክል ነው፤ ይህም በጥንቃቄ ከተመረጠ ጓሮን ለማቆየት ይበቃል።

በዚህ ጉዳይ በውጭ አገር የሚወጡት የተክል ዝርዝሮች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ዲር የሚባሉት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አጋዘኖች ያደረሱትን ጉዳት በማየት ነው። የእነዚያ አጋዘኖች ቤተሰብ በኢትዮጵያ የለም፤ ድኩላና ሚዳቋ ከፍየል፣ ከበግና ከላም ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ቀንዳም እንስሳት ናቸው። በተለይ ድኩላ እንደ ፍየል ቅጠል ቀንጣቢ ስለሆነ፣ ከማንኛውም የውጭ ዝርዝር ይልቅ የመንደራችን ፍየል የተሻለች ምስክር ናት። ይህ መመሪያ የተመሠረተውም በሁለት መመዘኛዎች ላይ ነው፤ ፍየል በረሃብ ወቅት ያለፈችውን ተክል መምረጥ፣ ከዚያም ውስጥ በበጋ ብዙ ውኃ ሳይጠይቅ የሚኖረውን መለየት።

አንደኛ፦ የበላው ማን እንደሆነ ያረጋግጡ

ተክል ከመምረጥዎ በፊት የተበላውን ቀንበጥ ጫፍ በቅርብ ይመልከቱ። ድኩላና ሚዳቋ እንደ ፍየልና እንደ ላም የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ቀንበጡን በታችኛው ጥርስና በላይኛው ድድ ይዘው ይገነጥሉታል፤ ስለዚህ ጫፉ የተቦጨቀና ቃጫው የተንጠለጠለ ይሆናል። ጥንቸልና ጃርት ግን ከላይም ከታችም ስለታም ጥርስ ስላላቸው ቀንበጡን በምላጭ እንደተቆረጠ አጋድመው ይቆርጡታል። ተክሉ ከላይ ሳይነካ በድንገት ከጠወለገና በአጠገቡ የአፈር ክምር ካለ ሥሩን የበላው ፍልፈል ነው፤ ዙሪያው ተቆፍሮ ሥሩ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ጃርት ሊሆን ይችላል። ፍሬው ተነክሶ የተጣለና ቅርንጫፉ የተሰበረ ከሆነ ጦጣን መጠርጠር ይገባል።

ችግሩ ድኩላንና ፍየልን መለየት ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚቀነጥሱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነውና። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ በመደቡ ዙሪያ አንድ ክንድ ስፋት ያለው አፈር ሲመሽ በሬክ አለስልሶ፣ ጠዋት ማንም ሳይረግጠው ማየት ነው። የድኩላ ኮቴ ሁለት የሾሉ ጣቶች ያሉት ጠባብ ዱካ ይተዋል፤ የፍየል ዱካ ሰፋና ደነዝ ያለ ነው፤ የሚዳቋ ከሁለቱም ያንሳል። የጉዳቱ ከፍታም ይረዳል። ከጉልበት በታች ብቻ የተቀነጠሰ ጓሮ ወደ ሚዳቋ፣ እስከ ደረት የተበላ ደግሞ ወደ ድኩላ ያመለክታል። ፍየል ሆና ከተገኘች መፍትሔው ከጎረቤት ጋር መነጋገርና በሩን መዝጋት ስለሆነ በተክል ምርጫ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ የግጦሽ መሬቱን ያንብቡ

ይህ ደረጃ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለውና በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል። በጥር ወይም በየካቲት፣ መኖው እጅግ በሚያጥርበት ወቅት፣ በቤትዎ አቅራቢያ ፍየሎች የሚሰማሩበትን የመንገድ ዳር፣ የወንዝ ዳርና የጋራ ግጦሽ በእግርዎ ይዙሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍየል በሚደርስበት ከፍታ ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ የቆመ ተክል። እንዲህ ያለውን ተክል በሦስት ወይም በአራት ቦታ ካገኙት ምርጫ ውስጥ ያስገቡት፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ፍየሎቹ ወደዚያ ላይደርሱ ስለሚችሉ አይቁጠሩት።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በእንዲህ ያለ ጉዞ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ተክሎች አሉ። ሰንሰል፣ ስሚዛም የሚባለው፣ ለብዙ ዘመን ለአጥር የተመረጠው ከብት ስለማይደፍረው ነው። ክትክታ በተራቆተ ኮረብታ ላይ ሳይቀር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ቀጠጢና ትልልቅና ጠጉራም ቅጠሉን ዘርግቶ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ የሚነካው የለም። ኮሸሽላ በእሾሁ፣ እሬት በመራራ ፈሳሹ፣ ቁልቋል በወተቱ ይጠበቃሉ። ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ አሽንዳ ከመጠን በላይ በተጋጠ መስክ ላይ እየበዛ ይሄዳል፤ ከብቱ ሌላውን ጨርሶ እርሱን ስለሚተው ቦታው ሁሉ ለእርሱ ይቀራል። ቀይና ቢጫ አበባው ሲደረደር ከውጭ ከሚመጣ ከማንኛውም ጌጠኛ አበባ የማያንስ ሆኖ ሳለ በጓሮዎቻችን እምብዛም አለመታየቱ ያሳዝናል። ባሕር ዛፍም በዚሁ ምክንያት ነው በአርሶ አደሩ የተወደደው፤ ያለ ጠባቂ ያድጋልና።

በሕይወት የቆመ ሁሉ ግን ያልተበላ አይደለም። ወይራና ቀጋ በግጦሽ መሬት ላይ በብዛት ይታያሉ፤ ቀረብ ብለው ሲመለከቱ ግን ቅርንጫፎቻቸው በየጊዜው ተቀንጥሰው ተድበልብለው የቀሩ መሆናቸውን ያስተውላሉ። እነዚህ መበላትን የሚችሉ እንጂ የማይበሉ አይደሉም። እንዲሁም የላምና የበግ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ እነርሱ በዋናነት ሣር ጋጮች ስለሆኑ ድኩላ የሚወደውን ቁጥቋጦ ሊያልፉት ይችላሉ።

ሦስተኛ፦ ተክሉ የተተወበትን ምክንያት ይለዩ

ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው በግጦሽ ላይ ያላዩትን አዲስ ተክል በችግኝ ጣቢያ ሲያገኙ ለመመዘን ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ያሹትና ያሽትቱት። ጠንካራ የዘይት ሽታ ያላቸው፣ እንደ ጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ኮሰረት፣ ዳማከሴና ላቬንደር ያሉት፣ በአመዛኙ ይተዋሉ፤ ዘይቱ በአመንዣኪ እንስሳ ሆድ ውስጥ መኖን የሚያብላሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ስለሚጎዳ እንስሳው ብዙ አይበላውም። ጠጉራም ቅጠል ለአፍ አይመችም። ወተት የሚያፈስ ግንድ አፍን ያቃጥላል። ጠንካራና ቃጫማ ቅጠል ደግሞ ለማመንዠክ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ምሬት ብቻውን ግን አያስተማምንም። ግራዋ መራራ ነው፤ ፍየል ግን ትበላዋለች፤ እንዲያውም ለመኖነት ይቆረጣል። በብዙ ቅጠል ቀንጣቢ እንስሳት ምራቅ ውስጥ ታኒን የተባለውን አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር የሚይዝ ፕሮቲን ስላለ፣ ለእኛ የሚከብደን ቅጠል ለእነርሱ ላይከብድ ይችላል። እሾህም እንዲሁ ከፊል መከላከያ ነው። የጽጌረዳ እሾህ ግንዷን እንጂ እንቡጧን አይጠብቅም፤ ድኩላ የሚፈልገው ደግሞ እንቡጡንና ለጋውን ቅጠል ነው።

መርዛማነትን በተመለከተ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወፍ ቆሎ የተባለውን ባለብዙ ቀለም አበባ ከብት እምብዛም አይነካውም፤ ነገር ግን ወፎች ዘሩን በየቦታው እየበተኑት አገር በቀሉን ዕፅዋት የሚያፈናቅል ወራሪ ስለሆነ ሊተከል አይገባም። አስተናግርና ኦሊያንደር ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ቦታ የላቸውም። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ከመንገድና ከመጫወቻ ይራቅ። ጤና አዳምም ቢሆን ፈሳሹ በፀሐይ ጊዜ ቆዳን ስለሚያቃጥል በብዛት ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትጠጣው አይገባም።

አራተኛ፦ ጓሮውን ከውጭ ወደ ውስጥ ያደራጁ

ድኩላ ከመሸሸጊያው ብዙ መራቅ አይወድም። ስለዚህ የግቢው የደን ወገን የትኛው እንደሆነ ለይተው ጠንካራዎቹን ተክሎች በዚያ በኩል፣ ለስላሶቹን ከቤቱ አጠገብ ያድርጉ። በውጭው መስመር ሰንሰልን ከኮሽም ወይም ከአጋም ጋር አጣምሮ መትከል ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ሰንሰሉ ቶሎ አድጎ እይታን ሲጋርድ፣ እሾሃሞቹ ቀስ ብለው መተላለፊያውን ይዘጋሉ። ክትክታ ለድንጋያማና ለተራቆተ ዳገት ተመራጭ ነው።

በዚህ መስመር ፈጽሞ ሊተከሉ የማይገባቸው ተክሎች አሉ፤ ትሪ ሉሰርን፣ ሰስባንያና አልፋልፋ። ለእንስሳት መኖ ተብለው የሚሰራጩት ለመብላት እጅግ የሚመቹ ስለሆኑ ነው። በአጥር ዙሪያ ሲተከሉ ድኩላን እስከ በር ጠርተው ያመጣሉ። መኖ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ታጥሮ በሚጠበቅ የተለየ ቦታ ያልሙት።

ከአጥሩ ቀጥሎ ሽታ ያላቸውን ተክሎች በስፋት ይትከሉ። አንድ የጥብስ ቅጠል እዚህ፣ አንድ አሪቲ እዚያ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ እንስሳው በመካከላቸው ያልፋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ያልተቋረጠ መደብ ሲሆን ግን ሽታው ከውስጥ ያለውን ለስላሳ ተክል ሽታ ሊሸፍን ይችላል። ለአበባ ውበት ከጀርባ አሽንዳን፣ ከፊት ጦስኝን፣ በመካከል ላቬንደርንና እሬትን ማስማማት ይቻላል። ጦስኝ በደጋችን የበቀለ ስለሆነ የእንጦጦን ብርድ አይፈራም። ጠጅ ሳርና በሶብላ ጥሩ ሽታ ቢኖራቸውም ከኅዳር እስከ ጥር በሚወርደው ውርጭ ስለሚመቱ ለከፍተኛው ቦታ አይመከሩም። አጋፓንተስና ካላ ሊሊ የተባሉት ጌጠኛ አበቦች ቅጠላቸው ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ሆኖም የካላ ሊሊን ሥር በትውልድ አገሯ በደቡብ አፍሪካ ጃርቶች ቆፍረው እንደሚበሉት የታወቀ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ደረጃ የጃርት ምልክት ካገኙ እርሷን ይተዉ።

ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ የአተርና የባቄላ ቡቃያ፣ ጽጌረዳ፣ እንዲሁም የአፕልና የኮክ ችግኝ በምንም ዓይነት ሽታ አይድኑም። እነዚህ በቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ በራሳቸው አጥር ውስጥ ይሁኑ።

አምስተኛ፦ አፈሩን፣ ውኃውንና ፍጉን ይመጥኑ

ሽታ ያለው ተክል ሽታውን የሚያገኘው በብዛት ከፀሐይ፣ እንዲሁም በጥቂት ፍግና ውኃ ከመኖር ነው። ተክሉ ብዙ ፍግና ብዙ ውኃ ሲያገኝ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ለስላሳ፣ ውኃ የበዛበት ቅጠል ያወጣል፤ ይህ ቅጠል ደግሞ በትክክል እንስሳው የሚፈልገው ነው። በዚህ ምክንያት በግጦሽ መሬት ላይ ማንም ያልነካው ተክል በደንብ በተንከባከቡት ጓሮ ውስጥ ሲበላ ይታያል። ለውጭዎቹ መስመሮች ኮምፖስት በሚተከልበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨምሩ፤ ዩሪያ ከቶ አያድርጉ። ሥር ከያዙ በኋላ በበጋ የሚያስፈልጋቸው ውኃ ጥቂት ነው፤ ውኃውን ለአትክልቱ መደብ ያቆዩት።

አፈሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንጦጦና በወጨጫ ዳገት ያለው ቀይ አፈር ውኃን በአብዛኛው ያስወርዳል። በለገጣፎና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ግን በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ጥብስ ቅጠልና ላቬንደር በዚህ ውስጥ በነሐሴ ሥራቸው ይበሰብሳል። በዋልካ ላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ጠጠርና ቀይ አፈር ቀላቅለው ይትከሉ፤ የመደቡ ጎርፍ መውረጃም ተዳፋት ይኑረው።

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ነው። ይህ ለሥር መያዝ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ በዚያን ጊዜ ዱሩ ሁሉ ለምለም ስለሆነ እንስሳው ወደ ጓሮ የሚመጣበት ምክንያት አነስተኛ ነው። በጥቅምት የተተከለ ችግኝ ግን ገና ለጋ ሳለ የረሃቡ ወቅት ይደርስበታል። ጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደርና ሰንሰል በቁራጭ ስለሚራቡ መግዛት ሳያስፈልግ ከጎረቤት ማግኘት ይቻላል፤ ለጥብስ ቅጠል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ያልጠነከረም ያልለጋም ቁራጭ ወስደው፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፣ ግማሹን በአሸዋማ አፈር ውስጥ ይቅበሩ። ችግኝ የሚገዙ ከሆነ በጥላ ሥር ከቆየውና ከለመለመው ይልቅ አጭሩንና በፀሐይ የጠነከረውን ይምረጡ። አሽንዳን ከዱር መንቀል አይገባም፤ ዘሩን ለቅሞ በመደብ ማፍላት ይሻላል።

ስድስተኛ፦ እስኪጠነክሩ ድረስ ይጠብቋቸው

ማንኛውም ችግኝ በመጀመሪያው በጋ ለጋ ነው፤ እንስሳውም አዲስ የተተከለን ነገር ለማወቅ ሲል ይቀምሳል። አንዳንዱን ነቅሎ ይጥለዋል እንጂ አይበላውም፤ ለችግኙ ግን ልዩነት የለውም። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች እስኪያልፉ ድረስ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ በችካልና በሽቦ ወንፊት ይክበቡ፣ ወይም የእሾህ ቅርንጫፍ ይደርድሩበት። ወንድ ድኩላ ቀንዱን በቀጭን ግንድ ላይ ስለሚያሽ የዛፍ ችግኞች፣ የማይበሉት ጥድና ባሕር ዛፍ ጭምር፣ እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ ግንዳቸው ሊሸፈን ይገባል።

ለአትክልቱ መደብ የሚሠራው አጥር ቁመቱ ከ1.8 እስከ 2 ሜትር ቢሆን፣ ከታች ደግሞ ወንፊቱ መሬቱን ነክቶ በድንጋይ ቢጫን ይመረጣል፤ ሚዳቋ የምትገባው ከታች ነውና። ሳሙና ማንጠልጠል፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንቁላል በጥብጦ መርጨት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ እንስሳውም ይለምደዋል። ወጥመድ ማጥመድና መርዝ ማስቀመጥ ግን በምንም መልኩ ሊታሰብ አይገባም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው፤ ከሕጉም በላይ የምኒልክ ድኩላ ከዚህ ደጋ ሌላ አገር የለውም።

ሰባተኛ፦ በትንሹ ፈትነው ያስፋፉ

ሙሉውን ጓሮ በአንድ ክረምት አይሙሉ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ወይም አራት ችግኝ በደን ወገን በኩል ተክለው፣ ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ በሚመጣው ኅዳር ሽቦውን ያንሡ፤ እስከ የካቲት መጨረሻም በየሳምንቱ የተቀነጠሰውን በደብተር ይመዝግቡ። ጫፉ ብቻ ተቀምሶ የተተወ ተክል አልፏል፤ በመጋቢት ዝናብ ሲመጣ ራሱን ይተካል። ተደጋግሞ እስከ ግንዱ የተበላውን ወደ ውስጠኛው አጥር ያዛውሩት። ያለፉትን ዓይነቶች ቁራጭ ወይም ዘር ለሰኔ ያዘጋጁ፤ በአካባቢዎ ያሉ ድኩላዎች ምን እንደሚተዉ የሚነግርዎ ይህ ደብተር ስለሆነ፣ በአጥር ለሚዋሰኑ ጎረቤቶችዎም ያካፍሏቸው። የደን ወገኑ መስመር በሁለት ወይም በሦስት ግቢ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ለአንዱ ብቻ ከሚሠራው የበለጠ ይከላከላል።